አንዲት ጠብታ ዘይት

«ባዶ! ሠላሳ ስድስቱም ባዶ!»

የፎቶ ክበቡ ኃላፊ፣ የፊዚክስ መምህሩ፣ የታጠበውን ፊልም ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግተው ቆመዋል። የትምህርት ቤቱ የስፖርት ቀን የተነሣበት ፊልም ከዳር እስከ ዳር እንደ መስታወት ጥርት ብሏል።

«ፊልሙን አላያያዝሽውም!» አሉ ፎቶ አንሺ ወደነበረችው ተማሪ፣ ወደ እንዝርት ዞረው። «ዝም ብለሽ ቀጭ ቀጭ ስታደርጊ ዋልሽ።»

«ኧረ ቲቸር፣ በደንብ ነው ያስገባሁት! ሲጠነጠን በዓይኔ አይቻለሁ!»

«ዝም በይ! ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ክፍል እንዳላይሽ።»

ጥግ የቆመችው ሚጢ ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነከሰች። እንዝርት ማለት አምና የሚጢን መንተባተብ እያስመሰለች ክፍሉን ሙሉ ያሳቀችባት ልጅ ናት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ዓይንና ናጫ ናቸው።

«አንቺ፣ እስቲ ካሜራውን ፈትሺው፤» አሉ መምህሩ ሚጢን። አጎቷ ሰዓት ጠጋኝ ስለሆነ፣ የክበቡን አሮጌ ካሜራዎች መፈተሽ የሚጢ ሥራ ነበር።

ሚጢ የጀርባውን ክዳን ከፈተች። ሌንሱ ሻጋታም ጭረትም የለበትም። የማንሻ ቁልፉን ተጫነች። ቀጭ አለ፤ ብርሃን ግን አላለፈም። ደገመች። ድምፅ አለ፣ ብርሃን የለም።

ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ አጮለቀች። ሌንሱ ውስጥ ብልጭ ብለው ተከፍተው ብርሃን የሚያስገቡት ስስ የብረት ቅጠሎች እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ላያቸው ያብረቀርቃል። ዘይት!

ልቧ ስንጥቅ አለ። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ቁልፉ ጠጠር ሲልባት፣ ማንም ሳያያት የሰዓት ዘይት ጠብ አድርጋበት ነበር። ያኔ ለስለስ አለላት። ዘይቱ ግን ቀስ እያለ ወደ ቅጠሎቹ ወርዷል።

«እህስ?» አሉ መምህሩ።

«እሷን ነው የሚጠይቁት?» አለች እንዝርት ቦርሳዋን እያነገተች። «ለሷማ ዛሬ ሰርጓ ነው! እ-እ-እሷ ምን እንደምትል ይታወቃል።»

የሚጢ ደም ፈላ። ካሜራው ደህና ነው ብትል በቃ። ቤት ወስዳ ብታስጸዳው ማን ያውቃል? ደግሞ ለዚህች ብላ!

እንዝርት በሩን ከፈተች።

«ቆ... ቆይ!» ካሜራውን ለመምህሩ ዓይን አስጠጋችው። «ይ... ይዩት ቲቸር። ቅጠሎቹ አይከፈቱም። ዘ... ዘይት ያደረግኩበት እኔ ነኝ። እሷ ምንም አላጠፋችም።»

መምህሩ አጮለቁ፤ ለረጅም ጊዜ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ጠቁሯል። «የካሜራዎቹን ቁም ሣጥን ቁልፍ አስቀምጪና ውጪ፤» አሉ።

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። በር ላይ እንዝርት መንገድ አልለቀቀችላትም።

«ለዚህ የማመሰግንሽ ከመሰለሽ ተሸውደሻል።»

«እ... እኔም ላንቺ ብዬ አይደለም፤» አለች ሚጢ፤ በጎኗ ሾልካ ወጣች።

ደረጃው ሥር ሦስት ሯጮች ተደርድረው ይጠብቃሉ። በሜዳሊያዋ የምትጫወተው አጭሯ ልጅ ቀድማ አየቻት። «መጣች! ፎቶዎቹስ? ደርሰዋል?»

በጓሮ በኩል ሌላ መውጫ አለ። ሚጢ ወደዚያ አንዴ ዞር ብላ አየች። ከዚያ አየር ስባ፣ ወደ ልጆቹ ወረደች።

«ቁ... ቁጭ በሉ፤» አለች። «ነገሩ ትንሽ ይረዝማል።»