ሁለት ጓጉንቸር

ኤልቤቴል የመብራት ሠራተኛ ላታገባ ለእናቷ ቃል ገብታለች። ራሷ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሆና እንዲህ ያለ ቃል መግባቷ ሰውን ያስቃል፤ ወይዘሮ ማሚቱን ግን አያስቅም። የመብራት ሠራተኛ የነበሩት ባለቤታቸው ምሰሶ ላይ እያሉ ከታች የነበረ ሰው ሳያውቅ ማብሪያውን አበራው፤ በዚያው ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ወናጎ ባለው ቤታቸው ልጃቸውን አምፖል እንኳ አያስነኳትም። ዲላ ተምራ ይህንኑ ሙያ ስትይዝ ወር ሙሉ አኮረፏት።

«እሺ፣ ለአንቺ እየፈራሁ ልኑር» አሏት በመጨረሻ። «ለሁለት ሰው ግን መፍራት አልችልም።»

ታዲያ ልብ መቼ ይታዘዛል? ዲላ ዳር ባለው የጭማቂ ፋብሪካ ጋዲሳ የሚባል ባልደረባ ነበራት።

በፋብሪካው ደንብ ሞተር ሊነካ የሚወጣ ሁሉ ማብሪያውን አጥፍቶ በራሱ ጓጉንቸር ይቆልፋል፤ ቁልፉንም ኪሱ ይከታል። የእሷ ጓጉንቸር ዝጎባት የጋዲሳን ተውሳ ነበር። ከዚያ ጋዲሳ «አግቢኝ» አላት። ለእናቷ የገባችው ቃል አፏን ያዘው፤ እሱም ዝምታዋን እምቢታ አድርጎ ወሰደው። ሁለት ሳምንት ተኳረፉ። አዲስ ብትገዛም የእሱን መመለስ አቃታት፤ ለመመለስ መነጋገር ያስፈልጋላ።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ መብራት ሄደ። ከማቀዝቀዣው ማማ አናት ላይ ላለው ትልቅ ፋን አዲስ ሞተር ተተክሎ፣ የቀረው ሽቦውን ማሰር ነበር። ጋዲሳ ማብሪያውን አጠፋ። ጓጉንቸሩን ለመጠየቅ ግን ኩራቱ አልፈቀደለትም። መብራቱስ የት አለና ብሎ ወጣ።

ኤልቤቴል ከፓምፑ ክፍል ስትወጣ የግቢው አምፖል ቦግ አለ። በማብሪያዎቹ ክፍል ጋሽ አለባቸው፣ አንጋፋው ተቆጣጣሪ፣ መብራት በመጣ ቁጥር እንደሚያደርጉት ጠፍተው ያገኟቸውን ተራ በተራ እያበሩ ነበር። ቀና ስትል ማማው ላይ የጋዲሳ ሰማያዊ ቱታ ታያት። የአባቷ ሬሳ የመጣበት ቀን ትዝ አላት።

ወደ ማብሪያዎቹ ክፍል እንዴት እንደሮጠች አታውቅም።

«ጋሼ፣ ሰው አለ!»

የሽማግሌው እጅ አራተኛው ላይ ነበር፤ የፋኑ አምስተኛው ነው። አምስተኛውን በሁለት መዳፏ ሸፈነችው። ከዚያ ከቦርሳዋ የጋዲሳንም የራሷንም ጓጉንቸር አውጥታ ቆለፈች። ጋሽ አለባቸው ነገሩ ሲገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

የማማውን ደረጃ ወጣች። ጋዲሳ የተላጡ ሽቦዎች በእጁ እንደያዘ ዞረ።

«ቁልፍህን ያዝ» አለችው።

ቁልፉን አየ፤ ከታች የበራውን አምፖል አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ለምን አልጠየቅኸኝም?»

«እሱን ከጠየቅሁሽ ሌላውንም መጠየቴ አይቀርም ነበር።»

አለቀሰች። «ባላገባህ ፍርሃቴ የሚቀንስልኝ መስሎኝ ነበር። ዛሬ አየሁት፤ ያው ነው። እወድሃለሁ።»

እሱ ሽቦዎቹን አስቀምጦ እጇን ያዘ።

ሥራውን አብረው ጨረሱት። ኃይል እንደሌለው ለማረጋገጥ እያንዳንዱን ሽቦ ሁለት ሁለት ጊዜ በመፈተሻ ነካች፤ እሱም አስቀድሞ የመሬት መስመሩን፣ ቀጥሎ ሦስቱን የኃይል ሽቦዎች አስሮ ውሃ እንዳይገባ የሞተሩን ክዳን አጠበቀ። ወርደው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጓጉንቸር ከፍተው ማብሪያውን ሲያበሩ ነው ፋኑ የዞረው።

ከወር በኋላ ሽማግሌዎች ወናጎ ሄዱ። ወይዘሮ ማሚቱ የማክሰኞውን ነገር ከልጃቸው ሰምተዋል። ዘሩንም ደሞዙንም አልጠየቁም። ልጁ ራሱ ይጠራልኝ አሉ፤ ሲመጣም ጠየቁት።

«ስትወጣ ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«የእኔ እኔ ጋ፣ የእሷ እሷ ጋ ነው እማማ። ሁለታችንም ሳንከፍት አይበራም።»

ወይዘሮ ማሚቱ የጓዳው አምፖል ከተቃጠለ መክረሙን ነገሩት።

ጋዲሳ ሊነሳ ሲል ክንዱን ያዙት።

«መጀመሪያ አጥፋ፣ ልጄ» አሉት።