የሂርጳ ክኒኖች

ሂርጳ ላፍቶ ውስጥ በገዛ አልጋው ላይ በሞተ በማግስቱ ጠዋት ሚስቱ ተሾመች ቀበሌ ታስራ ነበር። «ልጄን መርዝ አብልታ ገደለችው» ብለው የከሰሷት የሟች እናት ወይዘሮ ወርቄ ናቸው። ሊቀመንበሩ ጓድ ለታ ደግሞ ነገር ማንዛዛት አይወድም፤ እስከ ስድስት ሰዓት ካልተጣራ ወደ ከፍተኛው እስር ቤት ሊልካት ነው። መርማሪው መቶ አለቃ ወጋየሁ ወደዚያ ተወስዶ የተመለሰ ሰው አያውቅም። ቀበሌው ሲደርስ ሦስት ተኩል ሆኖ ነበር።

ቀድሞ ሂርጳ ቤት ሄዶ ሬሳውን ገልጦ አየ። ድዱ ጠቁሯል፤ የመዳፉ መስመሮችም እንዲሁ። ኪሱ ውስጥ ከብት የሚልሰው አሞሌ ጨው ስባሪ አገኘ።

«ይህን ምን ያደርግበት ነበር?»

«ይልሰዋል» አለች እዚያው ቤት የምትኖረው የሟች እህት ተናኘ። «ከወር ወዲህ ጨው ጨው ነው የሚለው።»

ተናኘ ከሦስት ሳምንት በኋላ የምትዳር ልጅ ናት። ጉንጮቿ ሞልተው ቀልተዋል፤ ከነጠላዋ የወጡት ክንዶቿ ግን ቀጫጭን ናቸው። ለቀስተኞቹ ሐዘን ላይ ሆነው እንኳ «ሙሽራዋ አማረባት» ማለታቸውን አልተዉም።

ወጋየሁ ቀበሌ ተመልሶ ተሾመች ወደታሰረችበት ክፍል ገባ።

«ምን አበላሽው?»

«ሆዱ ምንም አይቀበልም ነበር። ሦስት ቀን አስመለሰው። ሲነሳ አዙሮት ይወድቃል።»

«መድኃኒት አልነበረውም?»

«ሳንባውን ታሞ ከዳነ ወዲህ በየቀኑ ክኒን ይውጣል። ሐኪሙ ‹አንድም ቀን እንዳትዘል› ብሎታል። የምሰጠው እኔው ነኝ፤ ሊሞት ሲልም ሰጥቼዋለሁ።» ከዚያ የኮቱን ጫፍ ያዘች። «ጌታዬ፣ ልጄ ገና ሰባት ወሯ ነው። ማን ያጠባልኛል?»

ወጋየሁ ሂርጳ ቤት ተመልሶ የክኒኑን ጠርሙስ ከመደርደሪያ አወረደና አንዱን ምላሱ ላይ አኖረ። ኮመጠጠው። በቀጥታ ጣቢያ ሄዶ ለሂርጳ ሐኪም ስልክ ደወለ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ቤተሰቡን በሙሉ ቀበሌ አዳራሽ ሰበሰበ። ተሾመችም በዘበኛ ታጅባ መጣች።

«ሂርጳ የሞተው በመርዝ አይደለም» አለ። «ከኩላሊታችን በላይ ትንሽ እጢ አለች። ሆርሞኗ በደም እየዞረ ሰውነትን ‹ጨውህን ያዝ፣ ጠንክር› ይለዋል። የሂርጳን እጢ የሳንባው በሽታ አጥፍቷታል፤ የሚተካት ያ ክኒን ብቻ ነበር። ክኒኑ ሲጓደል ድድ ይጠቁራል፣ ጨው ያምራል፣ በመጨረሻ ትውከትና ሞት ይመጣል። ያ ጥቁረት የሳምንታት እንጂ የሦስት ቀን ሥራ አይደለም።»

«በየቀኑ እሰጠዋለሁ ብላ የለ?» አሉ ወይዘሮ ወርቄ።

«ሰጥታዋለች። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግን አስፕሪን ነው። ራስ ምታት ስለማያጣኝ ጣዕሙን አውቀዋለሁ። እውነተኛው ክኒን ወዴት ሄደ? ሐኪሙን ‹ጤነኛ ሰው አብዝቶ ቢውጠውስ?› አልኩት። ‹ፊቱ ክብ ብሎ ይቀላል፤ ክንድና እግሩ ግን ይከሳል› አለኝ።»

ሁሉም ወደ ተናኘ ዞሩ። ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ወንድሜ ከስቶ ከስቶ በዚህ ክኒን ነው ሥጋ ያወጣው» አለች። «እኔንም ያወፍረኛል ብዬ ነው። መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ኋላ አራት አራት ወሰድኩ። ሲጎድል አስፕሪን ጨመርኩበት። እማዬ፣ እንደሚሞት አላወቅኩም።»

«እንዲህ ቀጥነሽ ማን ያገባሻል?» እያሉ ዓመት ሙሉ የነዘነዟት ራሳቸው ወይዘሮ ወርቄ ነበሩ።

ተናኘ ከጡቷ መሐል የወረቀት ጥቅል አውጥታ ወለሉ ላይ ወረወረችው። ነጫጭ ክኒኖች ተበተኑ። ወጋየሁ ተንበርክኮ ይለቅማቸው ጀመር።

«አትጣይው» አላት። «ያንቺም እጢ ክኒኑን ተማምና ሥራዋን ትታለች። ዛሬ ብታቋርጪ እንደ ወንድምሽ ትሞቻለሽ። ሐኪም ቀስ በቀስ እስኪያስተውሽ ድረስ ትውጪዋለሽ።»

«አልውጥም» አለች ተናኘ። «የሱን አልውጥም።»

ጓድ ለታ ተሾመችን በእጁ ምልክት ለቀቃት፤ ወደ ልጇ ሮጠች። ወይዘሮ ወርቄ ከተቀመጡበት በግድ ተነሱ። ከመርማሪው መዳፍ አንድ ክኒን አነሱ፣ ከዘበኛው ውሃ ተቀበሉ፣ ልጃቸው ፊት ቆሙ።

«ዋጪው» አሏት። «ሁለት አልቀብርም።»