ያልተደወለላት ደንበኛ

ፓን ዴሼንግ መኪና ሲሸጥ አይዋሽም ነበር። ይህ የሚመሰገንበት ሳይሆን የሚታማበት ጠባዩ ነው። በቼንሹዪ ከተማ በሚገኘው የኤሌክትሪክ መኪና መሸጫ ውስጥ በየወሩ በሽያጭ መጨረሻ የሚወጣው እሱ ነበርና፣ አለቃው እትዬ ኩዋንግ፣ «አንተ ልጅ፣ ገዳም መግባት ሲገባህ ተሳስተህ ነው እዚህ የመጣኸው» ትለው ነበር።

ሉ ዪንሄን ያገኛትም በዚሁ ጠባዩ ነው።

ሚያዝያ ውስጥ፣ አንድ ዓርብ ቀን፣ ብቻዋን መጣች። ሠላሳ ዓመት የሚሆናት፣ በአንድ ትከሻዋ የቆዳ ሣጥን ያነገተች ሴት ናት። ትንሿን ነጭ መኪና ሁለት ጊዜ ዞረቻት። ከዚያ ከሾፌሩ ጎን ያለውን ወንበር ወደ ኋላ አስተኝታ ራሷ ተጋደመችበት፤ ጣሪያውን እያየችም፣

«ግራ ጎኑ የማይታዘዝለት ሰው እዚህ ላይ ይመቸዋል?» ብላ ጠየቀች።

«ማን ነው እሱ?»

«አባቴ። ስትሮክ መትቶት ነው። ሐኪም ቤት የማመላልሰው እኔ ነኝ።»

«ይመቻቸዋል» አለ ዴሼንግ።

«እንግዲያው ወረቀቱን አምጣና ልፈርም።»

ዴሼንግ ወረቀቱን አላመጣም። እትዬ ኩዋንግን በጎን አያት፤ ስልክ ላይ ናት። ጎንበስ አለና፣ «ዛሬ አይፈርሙ» አላት።

«ለምን? በሽታ አለባት እንዴ?»

«መኪናዋ ጤነኛ ናት። ማክሰኞ ይምጡ።»

የዚያን ዕለት ጠዋት ከዋናው መሥሪያ ቤት መልእክት ደርሶ ነበር፤ ከማክሰኞ ጀምሮ ዋጋው በአሥራ ሁለት ሺህ ዩዋን ይወርዳል፣ እስከዚያው ለደንበኛ ትንፍሽ ያለ ከሥራ ይሰናበታል የሚል። ዴሼንግ ከዚህ በላይ አላለም። ዪንሄም አልጠየቀችም። ረጅም ጊዜ አየችው፤ ሰው ለካ እንዲህም ይታያል እስኪል ድረስ።

«መነጽርዎን ያውልቁ» አለችው በመጨረሻ።

«ምን?»

«ተጣሟል። ዓለምን አጋድለው እያዩ እንዴት ነው መኪና የሚሸጡት?»

ሥራዋ ይህ ነበር። በሺባን ገበያ ካለ መነጽር ቤት ተቀጥራ በየመንደሩ እየዞረች የሽማግሌዎችን ዓይን ትለካለች። ከሣጥኗ ትንሽ መፍቻ አወጣች፣ ብሎኗን ጠበቅ አደረገች፣ ከዚያ መነጽሩን በገዛ እጇ ከጆሮው ላይ አሳረፈችው። ጣቶቿ ቀዝቃዛ ነበሩ።

ማክሰኞ ተመልሳ መጣች። በር ላይ ቅዳሜና እሑድ የገዙ ሰዎች ጽሑፍ ያለበት ጨርቅ ዘርግተው «ተታለልን» እያሉ ይጮኹ ነበር። በመካከላቸው አልፋ ገባችና ፈረመች። እትዬ ኩዋንግ ቀኑን አስልታ ነገሩ ገባት።

«ሌላው ሰው ሴት ሲወድ አበባ ይገዛል፤ አንተ የድርጅቱን አሥራ ሁለት ሺህ ትሰጣለህ» አለችው። ከዚያ በላይ ግን አልሄደችበትም።

የዪንሄ ቤት ሺባን ላይ ነው፤ ከቼንሹዪ አርባ ስድስት ኪሎ ሜትር፣ ዳገትና ኩርባ። ከአባቷ ጋር የምትኖረው በቀድሞው የማዳበሪያ ፋብሪካ የሠራተኞች ሕንፃ ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ የሕንፃው ያረጀ ሽቦ መኪና ቻርጅ ማድረግ አይችልም። ገበያው ጎን አራት ቻርጀሮች ቆመዋል፤ ነገር ግን የሌላ ኩባንያ ንብረት ናቸውና ከራሱ መኪና በቀር ለሌላ አይሠሩም። በዚያ ተራራ ላይ ደግሞ ሌላ አልተተከለም።

ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ፣ ጎረቤቷ እማማ ሌይ አባቷን ስትጠብቅላት፣ ዪንሄ ያን ሁሉ መንገድ ነድታ ስምንት ሰዓት ላይ መሸጫው ግቢ ትደርሳለች። መኪናዋ ሰዓት ተኩል ትሰካለች። ዪንሄና ዴሼንግ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላሉ።

«ከሞላሁት ሩቡ እኮ መንገድ ላይ ነው የሚያልቀው» ትለዋለች። «ቻርጅ ለማድረግ ስመጣ የሚያልቅ ቻርጅ። ይህን ስትሸጥልኝ ለምን አልነገርከኝም?»

«ነገርኩሽ እኮ። ‹ሩቅ አይደለም› አልሽ።»

«ያኔ አንተን አይቼ ነው።»

እንዲህ ያለውን ነገር ቀልድ አስመስላ ታልፈዋለች። ዴሼንግም በቀልድ ይመልሳል። ከዚያ የሱፉ ቅርፊት ሲሰነጠቅ ብቻ ይሰማል። የልቡን ሊነግራት በየሳምንቱ ይነሣል። ከረቡዕ ጀምሮ ቃላቱን ያዘጋጃል፤ ሐሙስ ስትመጣ ግን፣ ገና ብዙ ሐሙስ አለ ብሎ ያስተላልፈዋል።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ሁለቱ ኩባንያዎች ተስማሙ፤ የአንዱ ቻርጀር ለሌላውም ደንበኛ እንዲሠራ። ትእዛዝ ወረደ፦ ደንበኛው ስልኩ ላይ አንድ ቦታ ገብቶ ፈቃዱን መስጠት አለበት፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው እያንዳንዱ ሻጭ የራሱን ደንበኞች እየደወለ ያስረዳ፣ የተደወለለት ስም ላይ ምልክት ይደረግ።

የዴሼንግ ዝርዝር ላይ ስልሳ ሦስት ሰው ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ደወለ። ጆሮ ለከበዳቸው ደጋግሞ፣ ለተጠራጠሩት እየማለ አስረዳ። ስልሳ ሁለቱን ጨርሶ የዪንሄ ስም ላይ ሲደርስ ሐሙስ ስምንት ሰዓት ነበርና፣ ነጯ መኪና በሩን አልፋ ስትገባ አየ። ስልኩን አስቀመጠው። በአፌ እነግራታለሁ አለ።

መንደሪን ይዛለት መጥታ ነበር። እየላጠች፣ ከስትሮኩ ወዲህ አንደበቱ የተያዘው አባቷ በዚያ ሳምንት ስሟን አሟልቶ እንደጠራት ነገረችው። ፊቷ እንዲያ ሲበራ አይቶ አያውቅም። የቻርጀሩን ነገር ከነገርኳት ከሳምንት በኋላ እዚህ ወንበር ላይ ማን ይቀመጣል? ብሎ አሰበ። መጀመሪያ እንደምወዳት ልንገራት፣ ከዚያ ስለ ቻርጀሩ እነግራታለሁ አለ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ በር ለመውጣት ሲጋፉ ሁለቱም ውስጥ ቀሩ።

ማታ ከመውጣቱ በፊት እትዬ ኩዋንግ ዝርዝሩን ስትጠይቀው የዪንሄም ስም ላይ ምልክት አድርጎ ሰጣት።

በኅዳር ብርዱ ጠናና ባትሪው ቶሎ ይዝል ጀመር። አንድ ሐሙስ ዪንሄ እጆቿን በሞቀ ውኃ ብርጭቆ እያሞቀች፣ «ገበያው ጋ ያሉት ለእኛም ሊፈቀዱ ነው የሚባል ነገር አለ አሉ። ሰምተሃል?» አለችው።

«ይባላል» አለ ዴሼንግ። «ገና ነው።»

እሷም አመነችው። ማክሰኞ ይምጡ ብሎ ያከበራትን ሰው ለምን ትጠርጥረው?

ታኅሣሥ በገባ በሁለተኛው ሐሙስ ቀረች። በተከታዩም ቀረች። ደወለ፤ ስልኩ አይነሳም። ቅዳሜ ዕለት እትዬ ኩዋንግ ከሺባን የመጣ ደንበኛ ሸኝታ ስትመለስ፣

«የመነጽሯ ልጅ አባት አርፈዋል አሉ። ከተቀበሩም ሰንብተዋል» አለችው። ከዚያ ፊቱን አይታ፣ «የመሸጫውን መኪና ውሰድና ሂድ። ሰው ለሐዘን አይቀርም» አለች።

ዴሼንግ ያን መንገድ ነድቶት አያውቅም ነበር። ሰዓት ከሩብ ፈጀበት። ኩርባ በኩርባ ላይ፣ በአንድ ጎን ገደል፣ በሌላው ውኃ የሚያንጠባጥብ ድንጋይ። ሺባን ሲደርስ መጀመሪያ ዓይኑ ያረፈው ገበያው ጎን ባሉት አራት ቻርጀሮች ላይ ነው። ነጯ መኪና ሁለተኛው ላይ ተሰክታለች። ዪንሄ ክንዷ ላይ የሐዘን ጥቁር ጨርቅ አስራ፣ የቆዳ ሣጥኗን የመኪናዋ አፍንጫ ላይ አሳርፋ ቆማለች።

ከመኪናው ወርዶ አጠገቧ ቆመ። ያዘጋጀው የማጽናኛ ቃል ሁሉ ጠፋበት።

«አንድ ዶሮ ነጋዴ ነው ያሳየኝ» አለችው እሷ ቀድማ። «ከቀብሩ በኋላ። የእሱም መኪና እንደኔው ናት። ‹እዚህ ጋ ሁለቴ ንኪው› አለኝ። ነካሁት፣ ሠራ። ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ ስጠይቀው ከጥቅምት አለኝ። ለእሱ ከመሸጫው ተደውሎለት ነበር።»

ዴሼንግ ዓይኑን ወደ ተሰካው ገመድ አዞረ።

«የእኔ ስም ዝርዝሩ ላይ አልነበረም?»

«ነበር።»

«ረሳኸው?»

ድምፅዋ ለስለስ ያለ ነበር። አዎ እንዲላት እንደፈለገች ገባው። ረሳሁት ቢላት ትቆጣና ይቅር ትለው ነበር። መርሳት ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ነው።

«አልረሳሁትም» አለ።

ዪንሄ ራሷን ነቀነቀች። ሁለቱም የቻርጀሩ ቁጥር ሲወጣ አዩ።

«በመጨረሻው ሐሙስ» አለች ከዚያ፣ «እኔ አንተ ዘንድ ሳለሁ አባዬ አፉ ተፈታ። ሰዓት ሙሉ ተናገረ ትላለች እማማ ሌይ። ከእናቴ ጋር ፋብሪካው ውስጥ እንዴት እንደተዋወቁ ነው ያወራላት። ለእኔ አውርቶልኝ አያውቅም። እሷ ደግሞ ጆሮዋ ይከብዳታል፣ ግማሹን አልሰማችውም። የሰማችውን ነገረችኝ፦ ስለ አንድ ጃንጥላ ነው፣ ዝናብ ነበር፣ ከዚያ እናቴ ሳቀች። ለምን እንደሳቀች ግን አልሰማችም።»

«ዪንሄ...»

«የት ሄደች ብሎ ጠየቀ አሉ። መኪና ልትሞላ ሄደች ስትለው ‹ይቺ መኪና ሆዳም ናት› አለ።» ዪንሄ ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ ሳቁ ግን መንገድ ላይ ቀረ። «ስመለስ ተኝቶ ነበር። ከዚያ በኋላ አልተናገረም። ቅዳሜ ንጋት ላይ ሄደ።»

ዴሼንግ መነጽሩን አውልቆ በእጁ ያዘ። ሲያለቅስ እንድታየው ስላልፈለገ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

«ለምን እንደሆነ ብቻ ንገረኝ» አለችው።

«እንዳትቀሪብኝ።»

«ዴሼንግ፣ ነይ ብትለኝ እኮ እመጣ ነበር» አለች። «ከሚያዝያ ጀምሮ ነይ እስክትለኝ ስጠብቅ ነበር። ቀኑን ግን እኔ እመርጠው ነበር።»

ይቅርታ የሚለውን ቃል ከአፉ ሲያወጣው ለእንዲህ ያለ ነገር የተሠራ ቃል እንዳልሆነ ራሱም ሰማው። እሷ ግን አቋርጣ አላሳፈረችውም፤ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ከዚያ ገመዱን ነቅላ በቦታው ሰቀለችው።

«ዛሬ ላይኛው መንደር አሥራ አንድ ሰዎች ይጠብቁኛል» አለች ሣጥኗን እያነሣች። «ብርሃን ሳለ ነው ዓይን የሚለካው።»

«ሌላ ቀን... መጥቼ ባይሽስ?»

«አትጥላኝ፤ እኔም አልጠላሁህም። ግን አትምጣ። ባየሁህ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ያ ጃንጥላ ነው።»

መኪናዋ ውስጥ ገባች። ሞተሩ ድምፅ የለውም፤ የተነሣችው ጎማው ጠጠር ሲረግጥ ነው የታወቀው። ጥቂት ሄዳ ቆመችና መስኮቱን ዝቅ አደረገች።

«ስትመለስ» አለችው፣ «ከድልድዩ ቀጥሎ ያለችው ኩርባ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ በረዶ ትይዛለች። አትታይም። ፍሬን አትያዝ፣ ቀድመህ ቀስ በል።»

ድልድዩን ሲሻገር አሥር ተኩል ሆኖ ነበር። ቀስ አለ። ኩርባዋ ደረቅ ትመስላለች፤ ጎማው ሲያርፍባት ግን መኪናው ወደ ገደሉ ትንሽ ሸርተት አለና ተመለሰ። ዴሼንግ ዳር ይዞ ቆመ። ይህን ለማወቅ ስንት ሐሙስ እንደተንሸራተተች አልነገረችውም። እሱም፣ በዚያ ሁሉ ሐሙስ፣ መንገዱ እንዴት ነበር ብሎ ጠይቋት አያውቅም ነበር።