አንድ ስም፣ ሁለት ማርገቢያ

በእንጅባራ ከተማ ፈረስና ፈረሰኛ የሚታከሙት በአንድ ሐኪም ቤት ነው። ሰው ወንበር ላይ፣ ፈረስ ጎማ በተነጠፈበት ወለል ላይ ሆነው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ተራ ጠሪዋ ማሽንም ሁለቱንም በየስማቸው ትጠራለች። ታንጉት እዚያ ስትመላለስ ዓመት ሊሞላት ነው። ዛሬም ከፈረሷ ከመክት ጎን ተቀምጣ፣ የሚንቀጠቀጡ እጆቿን በጭኖቿ መካከል ደብቃ መሬት መሬት ታያለች።

ነገሩ የጀመረው በግልቢያ ልምምድ ላይ ነው። መክት ሽምጥ ሲጋልብ የፊት እግሩ የኃይል መስመር ከሚያልፍበት ቦይ ገባና ሁለቱም ተያይዘው ተገለበጡ። የታንጉት ዳሌ ተሰበረ። አጥንቱንስ ማሽን በሳምንት ጠገነው፤ ልቧን የሚጠግን ግን አልተገኘም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ ኮርቻ ባየች ቁጥር ወደ ኋላ ትሸሽ ጀመር። ሐኪሞቹም ማርገቢያ ተከሉላት። ማርገቢያ ማለት ባቄላ የምታህል፣ ከጆሮ ጀርባ የምትቀበር፣ ፍርሃት አንድ ቦታ ሲከማች ስስ አድርጋ የምትበትን መሣሪያ ናት። መክትም አብሮ ወድቋልና በደንቡ መሠረት ለእሱም ተተከለለት።

መሣሪያዋ ሥራዋን ሠርታለች፤ እንዲያውም አብዝታዋለች። ታንጉት ፍርሃቱ ብቻ ሳይሆን ደስታውም ሐዘኑም ጠፋባት። በታናሽ እህቷ ሠርግ ላይ ሌሎቹ ሲያጨበጭቡ አይታ አጨበጨበች። ወጡ ጨው እንደበዛበት የምታውቀው ሌላው ፊቱን ሲያጨማድድ ነው። ይህም ክፉ ነገር ነው ብላ አላሰበችም፤ ክፉ ነው ለማለትም እኮ ትንሽ ስሜት ያስፈልጋል።

ግራ የሚያጋባው አንድ ነገር ነበር። መክት አጠገብ ስትደርስ ብቻ ያ የጠፋው ፍርሃት ተመልሶ ይነሳል። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃታል፣ ትንፋሿ ይቆራረጣል። ሐኪሞቹ የማርገቢያዋን ኃይል በጨመሩ ቁጥር መንቀጥቀጡ ይብስባታል። መክት ደግሞ እሷ ስትርበደበድ ጆሮውን ዘና አድርጎ ድርቆሹን ያኝካል፤ አንዳንዴ የሚያሾፍባት ይመስላታል።

ነገ የፈረሰኞች በዓል ነው። የፈረሰኞች ማኅበር ሽማግሌው ጋሼ ዳምጤ ሰሞኑን ቤቷ ድረስ መጥተው፣ አረፍ እንኳ ሳይሉ ደንቡን አስታውሰዋታል። ዘንድሮ በበዓሉ ላይ በፈረሷ ሜዳውን ካልዞረች ፈረሷ ለሌላ ይሰጣል። ከፈረሱ ጋር ስሟም ይሄዳል። በዚህ አገር ፈረሰኛ የሚጠራው በፈረሱ ስም ነው፤ ወንዱ «አባ»፣ ሴቶች ማኅበሩ ከገቡ ወዲህ ደግሞ ሴቷ «እማ» እየተባሉ። ታንጉትን ታንጉት የሚሏት እናቷ ብቻ ናቸው፤ ለቀረው ሰው እማ መክት ናት።

ተራ ጠሪዋ «መክት» አለች። ሴቲቱና ፈረሱ አብረው ተነሡ።

ዶክተር ብርቄ የእናቷ እኩያ ናቸው። በዚህ ሐኪም ቤት ግን ገና ሥራ መጀመራቸው ነውና የሁለቱን ማርገቢያዎች መዝገብ አንድ ላይ ከፍቶ ማየት እንደማይለመድ አያውቁም ነበር። ከፍተውም ሁለቱን እያስተያዩ አነበቡ። ከዚያ መጀመሪያ ስትመጣ ስሟን ማን ብላ እንደሰጠች ጠየቋት። መክት፣ አለች። የፈረሱንስ? እሱም መክት። ዶክተሯ መሳቅ ጀመሩና ፊቷን አይተው ተዉት።

የሐኪም ቤቱ ማሽን በአንድ ስም ሁለት ማርገቢያ ሲያገኝ፣ አንድ በሽተኛ ሁለት ቦታ የተተከለለት መስሎት አገናኝቷቸው ኖሯል። ሁለቱ ሲቀራረቡ ካንዱ የተረፈው ፍርሃት ወደ ሌላው ይሄዳል። ውሃ ወደ ዝቅታው እንደሚወርድ፣ የፈረሱ ፍርሃት ውስጧ ባዶ ወደሆነችው ታንጉት ይፈስሳል። ኃይሉ ተጨምሮ እሷ ይበልጥ ባዶ ስትሆን የሚፈስሰውም ይጨምራል።

«ያንቺ ፍርሃት ካለቀ ቆየ ልጄ፤ ክረምቱ ሳይገባ ነው ያለቀው» አሉ ዶክተር ብርቄ። «የሚያንቀጠቅጥሽ የእሱ ነው።»

ታንጉት ዞራ ፈረሷን አየችው። ስለ እሷ ፍርሃት ዓመት ሙሉ ሲመከር፣ ሲጸለይ፣ ሲታማም ኖሯል። አብሯት የተገለበጠው ፈረስ ፈርቶ ይሆን ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እሷም አልጠየቀችም።

መፍትሔው ቀላል እንደሆነ ዶክተሯ አስረዷት። ሁለቱን መለያየት ብቻ ነው። ነገ እንደ ድንጋይ ረግታ ትጋልባለች። ፈረሱ ላይ የሚቀረውን ደግሞ የእሱን ማርገቢያ ኃይል ጨምሮ መጨረስ ነው።

«እንደ እኔ ሊሆን ነው?» አለች።

«እንዳንቺ ይረጋል።»

ታንጉት እጇን ከመክት ጆሮ ጀርባ፣ ማርገቢያዋ ከተቀበረችበት ላይ አሳረፈች። በዚህ ዓመት የተሰማት አንድ እውነተኛ ነገር ቢኖር ያ መንቀጥቀጥ ነበር፤ እሱም የራሷ አልነበረም። እንደ እሷ የሆነ ሁለተኛ ፍጡር በዓለም ላይ እንዲኖር አልፈለገችም።

«አይለያዩን» አለች። «እሱን እንደ እኔ አያድርጉብኝ።»

ዶክተር ብርቄ ብዙ ተከራከሯት። ማሽኑ ተሳስቷል፣ ስህተት ደግሞ ይታረማል አሉ። ታንጉት ግን ማሽኑ የተሳሳተው የሰውን ወሬ አምኖ ነው አለቻቸው። ፈረስና ፈረሰኛ አንድ ነፍስ ናቸው እያለ የሚፎክረው አገር ሙሉ ሰው ነው፤ ነገሩን ከምር የወሰደው ማሽኑ ብቻ ነው። ዶክተሯም ሁለቱን እንደነበሩ ተዉአቸው።

በማግስቱ ሜዳው በፈረስ ተጥለቀለቀ። ታንጉት እርካቡን ስትረግጥ ፍርሃቱ መጣ። እንደ ወትሮው ሰውነቷ ተንዘፈዘፈ፣ ጥርሷ ተንገጫገጨ፤ ወርዳ የመሮጥ ፍላጎት ያዛት። ዛሬ ግን የማን እንደሆነ ታውቃለች። የራሷ ሲመስላት ያዋረዳት ፍርሃት፣ የሌላ መሆኑን ካወቀች ወዲህ ሸክም ብቻ ሆነላት፤ ሸክም ደግሞ ይቻላል። ልጓሙን ሰብሰብ አድርጋ ወጣች። መክት አንገቱን ዝቅ አድርጎ ተነፈሰና ቀስ ብሎ መራመድ ጀመረ።

ሌሎቹ አቧራ እያስነሱ ሲያልፏቸው እነሱ በሶምሶማ ሄዱ። ከተመልካቹ መካከል የሳቁ ነበሩ። ጋሼ ዳምጤ ፈረሳቸውን አስጠግተው የሚንቀጠቀጡ እጆቿን አዩ።

«አሁንም አልለቀቀሽም?» አሉ።

«አልለቀቀኝም ጋሼ።»

«ታዲያ እንዴት ብለሽ ወጣሽ?»

ታንጉት የመክትን አንገት ዳበሰች።

«ቢለቅቀኝ ወደ እሱ ነው የሚሄደው።»

ሽማግሌው ነገሩ አልገባቸውም። ቢሆንም ፈረሳቸውን ገታ አድርገው ዙሩ እስኪያልቅ ከጎኗ ሄዱ።