ከወንዙ አፍ ያልመጣው ዓሣ

ፍቅር ብልህ ነው የሚል ሰው ካለ ይቺን ይስማ።

እሷ የዓሣ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰኞ ሰኞ ጠዋት በሩ ሲንኳኳ ልቧ ቀድሟት ይነሣል። የሚመጣው ዓሣ አጥማጁ ነው። በብረት ፋብሪካው ሥር የሚያልፈው ወንዝ ሐይቁን ከሚቀላቀልበት፣ ከወንዙ አፍ፣ አሥር ዓሣ እንዲያመጣላት ተቀጥሯል። እሷ ጉበታቸውን አውጥታ ሜርኩሪ የሚባለው መርዝ ይኖርበት እንደሆነ ትመረምራለች። ውጤቱ ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። «ይበላል» የሚል ማስታወቂያ ፈርማ ሐይቁ ዳር ታስለጥፋለች።

የዚያን ሰኞ ባልዲውን ሲያስቀምጥ እጁ ተንቀጠቀጠና ውሃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«ምነው፣ እኔን ስታይ ትንቀጠቀጣለህ እንዴ?» አለች እየሳቀች።

«እሱማ ልማዴ ነው። አሁን አሁን ግን ሳላይሽም ይንቀጠቀጣል። ከንፈሬንም ይደነዝዘኛል።»

ሳቋ አፏ ላይ ቀረ። ይህን ምልክት በትምህርት ታውቀዋለች፤ የሜርኩሪ ነው። ግን እኮ ዓሣው ንጹሕ ነው፣ ራሷ ናት የፈረመችው!

«በሞቴ እውነቱን ንገረኝ። ከወንዙ አፍ ነው የምታመጣልኝ?»

ዓይኑን ከባልዲው አላነሣም።

«ከሐይቁ ወዲያኛው ዳር ነው» አለ በመጨረሻ። «የወንዙ አፍ ዓሣ ከሲታ ነው፤ ጀርባው የጎበጠም አለው። እሱን ይዤ አንቺ ፊት ልቁም? አፈርኩ። ለአንቺ የሰባ የሰባውን መረጥኩ።»

«ከሲታውንስ ማን በላው?»

«እኔና እናቴ ነና። ይበላል ብለሽ ጽፈሽ የለ?»

ክው አለች። እሱ ለፍቅሩ ብሎ አሳሳታት፤ እሷ በፊርማዋ መርዝ አበላችው።

«አንተ ሞኝ!» ብላ ደረቱን በጡጫ መታችው። ከዚያ እዚያው ደረቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ሁለት ዓመት ሙሉ እጅ እንኳ ተጨባብጠው አያውቁም ነበር።

በዚያው ቀን ማስታወቂያውን ቀድዳ ጣለች፤ ሐይቁ ዳር ላለው ሰው ሁሉ እንዳይበላ ነገረች። የእሱና የእናቱ ደም ተመረመረ። ውጤቱ እስኪመጣ እሷ አራት ቀን እህል ከአፏ አልገባም። የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ሜርኩሪው በሁለቱም ደም ውስጥ ተገኘ።

«ዓሣውን ካቆማችሁ ከደማችሁ እየቀነሰ ይሄዳል» አለ ሐኪሙ። «እናትህ ገና ብዙ አልተጎዱም። ስለ እጅህ ግን ቃል አልገባልህም።»

ከሐኪም ቤት ሲወጡ «እንግዲህ የሚንቀጠቀጥ ሰው ለማን ይሆናል? ሌላ አጥማጅ ፈልጊ» አላት መሬት መሬት እያየ።

«ሰኞ ጠዋት ጀልባው ጋ ጠብቀኝ» አለችው።

ሰኞ መጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ ከጠረጴዛዋ ተነሥታ ወደ ወንዙ አፍ ሄደች። ውሃው የዛገ ብረት ይሸታል፤ ወፍ የለበትም። መቅዘፊያው እጁ ላይ ሲንቀጠቀጥ እጇን በእጁ ላይ ደረበች። ፈርታለች፣ በጣም ፈርታለች። እጇን ግን አላነሣችም።

መረቡን ጎተቱት። ከሲታና ጎባጣ ዓሣ ይዞ ወጣ። እሱ ፊቱን አዞረ።

«አሁንም አፍራለሁ» አለ።

«እፈር» አለችው። «ግን ከዛሬ ጀምሮ ያለውን እንዳለ ስጠኝ፤ ዓሣውንም፣ እጅህንም።»