የመምህሩ ስም

አታሚው ሉበርት ኩስ ከማተሚያው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የተመታበት የእንጨት መዶሻ አጠገቡ ወድቋል፤ ጀርባው ላይ የልዑሉ ደጋፊዎች የሚያስሩት ብርቱካንማ ጥብጣብ ተጥሏል፤ መስኮቱም ተሰብሯል። ፈረንሳዮች አገሩን በወረሩበት፣ ሕዝቡም «ልዑሉ ይግዛን» እያለ በሚጮህበት በዚያ ክፉ ዓመት፣ የላይደን ከተማ ሰው ሁሉ ገዳዩን ያወቀ መሰለው።

መርማሪው ሆቨርት ግን ወጥቶ መንገዱን አየ። የመስታወቱ ስብርባሪ የተበተነው ውጭ ነው።

«ከውስጥ ሆኖ የሰበረው ሰው አለ» አለ በልቡ።

ሟቹ ያትም የነበረው፣ ሕዝብ ያለ ልዑል በሕግ ብቻ ሊተዳደር ይችላል የሚል መጽሐፍ ነው። ደራሲው አይታወቅም፤ መምህር ሬይኒር መሆናቸውን የሚያውቁት ሟቹ፣ ሚስቱ አሌይዳ፣ የእርሳስ ፊደል እየለቀመ ገጽ የሚደረድረው ሠራተኛው ሴይመንና የቀድሞ ተማሪያቸው ሆቨርት ብቻ ነበሩ።

«መቼ ወጣህ?» ሲል ሆቨርት ሴይመንን ጠየቀው።

«ረፋድ ላይ። ጋሼ ሉበርት ‹የመጽሐፉን የፊት ገጽ ፊደል እኔው እለቅመዋለሁ፤ አንተ ሂድና ቢራህን ጠጣ› አሉኝ። እሳቸው እንዲህ ቸር ሆነው አያውቁም! ሰዎች መጥተው እስኪጠሩኝ ከመጠጥ ቤቱ አልተነሳሁም፤ አሻሻጯን ጠይቃት።»

አሌይዳ ከሽርጧ ኪስ አንዲት የታጠፈች ወረቀት አወጣች። «ይህችን ብቻ አትሞ ወጥ ቤት ድረስ አመጣልኝ። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል። ጩኸቱ እስኪሰማ ድረስ ጎረቤቶቼ ከእኔ ጋር ነበሩ።»

ወረቀቷ ላይ የመምህሩ ስም በጉልህ ታትሟል። ሆቨርት ወደ ማተሚያው ተመለሰ። በእርሳስ ፊደላት በተደረደረው ገጽ ላይ የስሙ ቦታ ባዶ ነው፤ ፊደሎቹ ተነቅለዋል።

ሆቨርት ሲደርስ መምህር ሬይኒር ቤታቸው ተቀምጠው እጃቸውን ያፍተለትላሉ። «ልጄ፣ ቀጥሎ የሚገድሉት እኔን ነው! ስሜን በመጽሐፉ የፊት ገጽ ላይ አስፍሮት የለ!»

ሆቨርት ስለ ወረቀቷ ሳይነግራቸው ተሰናብቶ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«መስኮቱ ከውስጥ ተሰብሯል፤ ስለዚህ ገዳዩ በበር የገባ ወዳጅ ነው፤ ጥብጣቡም ማታለያ ነው። ስሙ የታተመበት ወረቀት ይህ ብቻ ነው፤ እሱም ለእኔ እስኪሰጥ ድረስ ከወይዘሮ አሌይዳ ኪስ አልወጣም። ታዲያ ስሙን ሌላ ማን ሊያየው ይችላል? በእርሳስ ፊደላት የተደረደረው ገጽ ፊት የቆመ ሰው ብቻ። መምህር፣ እርስዎ ስምዎ መስፈሩን ማን ነገረዎት?»

ሽማግሌው ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«የልዑሉ ሰዎች በከተማው ምክር ቤት ወንበር ሰጡኝ። ሉበርት ሰምቶ ኖሯል። መጽሐፉን አቃጥለው ብዬ ብለምነው ስሜን አሳየኝና ‹እንግዲህ ይካዱ› አለኝ። መዶሻው እጄ ላይ ነበር።»

«ሃያ ዓመት የእኛን እንጀራ በልተህ!» አለች አሌይዳ ወደ መምህሩ ዞራ።

«ከሕግ በላይ ሰው የለም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት» አለ ሆቨርት።

«ልጄ፣ ያኔ ሥልጣን የሚሰጠኝ አልነበረም።» ቀና ብለው አዩት። «እባክህ፣ በጓሮ በኩል ውሰደኝ። ሰው አይየኝ።»

ሆቨርት እሺ ሊል ከንፈሩን አላቀቀ። ከዚያ ግን ክንዳቸውን ይዞ፣ እያለቀሰ፣ ወደ መንገዱ የሚያወጣውን የፊት በር ከፈተ።