አርባኛው ያቢ

አላምንም የሚል ካለ መብቱ ነው። እኔ ግን በእነዚህ እጆቼ ይዤዋለሁ።

ሐሙስ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት። ሙሪ ወንዝ ዳር፣ አሠሪዬ ክላይቭ ያቢዎችን የሚያረባበት የቆርቆሮ መጋዘን።

ያቢ መቆንጠጫ ያለው ቅርፊታም የኩሬ ፍጥረት ነው። ሲያድግ ቅርፊቱን ይጥልና ለአንድ ቀን እንደ ከንፈር ይለሰልሳል። ምግብ ቤቶች የሚሻሙት ያኔ ነው።

ክላይቭ መጠበቅ አይወድም። ቅርፊት መጣሉን የሚያዘገየው ሆርሞን የሚመነጨው የያቢዎቹን ዓይን ከተሸከመው ዘንግ ውስጥ ነው። እኔ እይዛለሁ፤ እሱ ሁለቱንም ዓይን በመቀስ... ቀጭ።

"ፍሬኑን በጠስንለት" ይላል እየሳቀ።

የለሰለሱትን ዳሰው የሚለዩት ታላቅ እህቱ ሞሪን ናቸው። ዓይነ ስውር ናቸው።

"ስሚ አንቺ፣ እስከ ስድስት ሰዓት አርባ ለስላሳ ያቢ በረዶ ላይ ካላየሁ፣ ነገ አረጋውያን ማቆያ ወስጄ ነው የምጥልሽ!" አላቸው ክላይቭ።

"አንዱ ሞቷል እኮ። ያሉት ሠላሳ ዘጠኝ ናቸው።"

"ታዲያ አንቺው ተጨምረሽ አርባ ሁኚያ!"

ወጥቶ ደጅ ካለው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ማፏጨት ጀመረ።

ሞሪን አላለቀሱም። ከገንዳው እያወጡ ያቀብሉኛል፤ በረዶው ላይ አስተኛለሁ።

አሥር... ሃያ...

ሃያ ላይ አየሁ። የቀሩት ዓይን የለሽ ያቢዎች በሙሉ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረዋል።

ሠላሳ ላይ ፉጨቱ ቆመ።

"ምን ሆነ?"

"ዝም በይ... ጀርባውን እያሳከከው ነው" አሉ ሞሪን።

ከውጭ አንድ ነገር ሲሰነጠቅ ተሰማ።

ሠላሳ ዘጠኝ። ገንዳው ውስጥ ውሃ ብቻ ቀረ።

በሩን ገፋሁ። ክላይቭ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጧል። ባርኔጣው እንዳለ ነው። ሸሚዙ ከአንገት እስከ ወገቡ ተተርትሯል። ከሥሩ ቆዳውም።

ደም የለም።

ውስጡ... ባዶ ነው። ነፋሱ ያወዛውዘዋል።

"ሞሪን! እንውጣ!"

"ቆይ ልጄ።" ክንዳቸው እስከ ትከሻቸው ውሃው ውስጥ ነው። "ይኼ ደግሞ ትልቅ ነው... ገና አልጠነከረም። ተቀበይኝ።"

ተቀበልኩ። ይሞቃል። አጥንት የለውም። ቀና ብሎ ሲያየኝ ዓይኖቹ የክላይቭ ነበሩ።

"አርባ" አሉ ሞሪን። "አስተኚው።"

አስተኛሁት። የበረዶ ሣጥኑን ክዳን እሳቸው ገጠሙ።

ያቢ የጣለውን ቅርፊት መልሶ ይበላል፤ የሚጠነክረው በዚያ ነው። ሞሪን ይህን ያውቃሉ። ወጡና ወንበሩ ላይ ከቀረው የክላይቭ ቆዳ አንድ ጣት ሰበሩ። ደረቅ ነው። እሳቸው አኘኩት።

ሁለተኛውን ሰበሩ። ሦስተኛውን...

ከዚያ ቀና አሉ፤ ዓይናቸው ሸሚዜ ላይ አረፈ።

"ቀይ ያምርብሻል፣ ልጄ።"